ጎደለ የሚባልበት ከተማ

እናቴ በሩን ከፍታ «ልጄ መጣ!» ያለች ዕለት ማንን ማለቷ ነበር? ያኔ መልሱን አላውቀውም ነበር፤ መጠየቁንም አፍሬ ተውኩት። ደጁ ላይ የቆምነው ሁለት ሰዎች ነበርን። እኔ ባሕር ማዶ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ መመለሴ ነው። ከኋላዬ ደግሞ እስከ ሽፋሽፍቱ ዱቄት የለበሰ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ከላይ አንድ የፊት ጥርሱ የወለቀ ጎልማሳ ከወፍጮ ቤት ሥራው እየገባ ነበር። እናቴ ዓይኗን በእኔና በእሱ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ጣለችና «ልጄ መጣ!» አለች። ሁለታችንም እኩል «አቤት እማዬ» አልን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዳየሁት እጽፋለሁ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ግን ከመጽሐፉ መጀመር ይሻላል።

ከተማችን አንድ መጽሐፍ አላት። የልጆች መጽሐፍ ነው፤ ሥዕሉ ብዙ፣ ጽሑፉ ጥቂት። የሣለችው ወይዘሮ አልጣሽ የምትባል ሴት ናት፤ እኔ ሳልወለድ ሞታለች። በእሷ ዘመን በከተማዋ ላይ ክፉ ጊዜ አልፎ ሕዝቡ ተበትኖ ነበር ይባላል። የተረፈው ተመልሶ ሲሰበሰብ ሠርግ እንዴት ይደገስ እንደነበረ፣ ሽማግሌን ማን እጅ ያስታጥብ እንደነበረ፣ ወንዙ ዳር ምን ይበቅል እንደነበረ አጥርቶ የሚያስታውስ ጠፋ። ሰዉ «እንዲህ ነበር፣ እንዲህ አልነበረም» እየተባባለ ሲጣላ ወይዘሮ አልጣሽ ዝም ብላ ቤቷ ገባችና የምታስታውሰውን ሁሉ ለልጆች ሣለችው። ትልልቆቹ «ደህና መጫወቻ ነው» ብለው ለልጆቻቸው ሰጡ። ልጆቹ ግን መጫወቻ መሆኑን የነገራቸው ስላልነበረ አመኑት። አምነውት አደጉ፤ አድገውም ሹማምንት ሆኑ።

ሕጉ አጭር ነው። በመጽሐፉ ላይ ያለ ነገር በከተማዋ ውስጥ መኖር አለበት። ሥዕሉና ነገሩ ካልተመሳሰሉ የሚታረመው ነገሩ ነው፤ ሥዕሉ አይነካም። ማንኛውም ልጅ መጽሐፉን ይዞ ሲዞር በሥዕሉ ያለውን በደጅ ካጣው ባለበት ቆሞ «ጎደለ!» ብሎ ይጮኻል። ያን ጊዜ የጎደለ ሹም የሚባለው ባለሥልጣን ጉርሻውን ከአፉ መልሶም ቢሆን መምጣት ግዴታው ነው። በልጅ ጩኸት ላይ ይግባኝ አይባልም።

ወይዘሮ አልጣሽ አህያዋን ስትሥል ቡናማው ቀለም አልቆባት ኖሯል፤ በሰማያዊ ቀባቻት። ስለዚህ ከተማችን ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰች አህያ ታኖራለች። ጨርቁ እንዳይቀደድ ጭነት ስለማትጫን በአገሩ ካሉት አህዮች ሁሉ ረጅም ዕድሜ የምትኖረው እሷ ናት። ውሻውን ስትሥል ደግሞ አንድ ሕፃን ክርኗን ገፋት ይባላል፤ አራተኛው እግር ሳይሣል ቀረ። ስለዚህ ሦስት እግር ያለው ውሻ ከከተማዋ ጠፍቶ አያውቅም። ማንም እግር አይቆርጥም፤ በሌላ አገር መኪና የገጨው፣ ወጥመድ የያዘው ውሻ እየተፈለገ ይመጣና ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ በክብር ይተኛል። የጎረቤት ከተሞች ሰዎች የሚያነክስ ውሻ ሲያዩ በድንጋይ ማባረር ትተዋል። «የእነዚያ ሰዎች ሹመኛ ነው» እያሉ መንገዱን ያሳዩታል።

የምንጩ ነገር ደግሞ አለ። በመጽሐፉ ላይ ከኮረብታው ሥር ምንጭ ይፈልቃል፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ያ ምንጭ ደረቀ። አንዲት ሕፃን «ጎደለ!» ብላ ጮኸች። ሹሙ መጥቶ አየና ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛው፣ በተራቆተው ኮረብታ ላይ ዛፍ እንዲተከል ነው። ዛፉ እስኪያድግ ድረስ ደግሞ ልጆች ምንጩን ደርቆ እንዳያዩት፣ እያንዳንዱ ቤት ተራ ገብቶ ጎህ ሲቀድ ከወንዙ ውሃ እየቀዳ ከአለቱ ሥር እንዲያፈስ አዘዘ። አባቴ በእንስራ ውሃ ተሸክሞ ሄዶ ድንጋይ ላይ ደፍቶ ሲመለስ አየው ነበር። በዚህ ሥራ እየሳቅሁ ነው ከአገሬ የወጣሁት።

ባሕር ማዶ የተማርኩት የእርማት ጥበብ ይባላል። በዚያ አገር የልጆች መጽሐፍ በየዓመቱ ይታረማል። በደጅ የጠፋ ነገር ከመጽሐፉም ይወጣል፤ ልጆች የሌለ ነገር ተመኝተው እንዳያዝኑ ነው። እኔ እዚያ ሳለሁ ዋነስ የምትባለው ወፍ ወጣች፤ ባረፈችበት ቅርንጫፍ ላይ ደመና ተሣለበት። ቀጥሎ ልጆች ለአባታቸው እጅ ሲያስታጥቡ የሚያሳየው ገጽ ወጣ። ከዚያ አያት ከቤተሰቡ ሥዕል ወጥታ በእሷ ቦታ ወንበር ገባ፤ ወንበሩ በጣም ያምር ነበር። ማንም አልጮኸም። ሥራው ጥርት ያለ ነው። እኔም በማዕረግ ተመረቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ክፍል እቀይራለሁ፣ ሠፈር እቀይራለሁ፣ አልጋ ውስጥ ገብቼ እነሣለሁ። በመጨረሻ አገሬ ገባሁ።

የእኛ ቤት በመጽሐፉ ውስጥ የቆጠራው ገጽ ነው። በሥዕሉ አናት ላይ «በቤታችን ስንት ነን?» ይላል። ከሥሩ አያት፣ አባት፣ እናት፣ ሴት ልጅ፣ ወንድ ልጅና አንድ የመጨረሻ ልጅ የቆሎ ሳህን ከበው ተቀምጠዋል። የመጨረሻው ልጅ እጁን ቆሎው ውስጥ ከቶ፣ የወለቀ ጥርሱን እያሳየ ይስቃል። ከሥዕሉ በታች «ስድስት ነን» ይላል። የከተማዋ ልጆች በሙሉ መቁጠር የሚማሩት በእኛ ቤት ነው። በየዓመቱ አዝመራ ሲገባ መምህራቸው ይዟቸው ይመጣና ደጃፍ ላይ ቆመው ይቆጥሩናል። እኔ ስወለድ የዚያን ጊዜው ሹም እናቴን «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ገጹ ሞላ» ብሏት ነበር።

የአያቴንና የአባቴን ሞት በሩቅ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ብቻዬን አልቅሻለሁ። ስለዚህ በመጣሁ ዕለት ወደ ሳሎን ስገባ በአያቴ መከዳ ላይ የተደላደለች አሮጊት ሳይ ደነገጥኩ።

«ይቅርታ፣ እርስዎ ማነዎት?» አልኳት።

«አያትህ ነኛ!» አለች። «ስትሄድ ሌላ ሴት ነበርኩ፤ አሁን እኔ ነኝ። ብርቄ እባላለሁ። ና ሳመኝ።»

ሳምኳት። እማማ ብርቄ ልጅም ዘመድም የሌላት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ለብቻዋ ትኖር የነበረች ሴት ናት። አያቴ የሞተች ዕለት ማታውን «ጎደለ» ተብሎ ጠዋት ሹሙ እሷን አመጣ። በአባቴ ቦታ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ መለከት ነፊ ናቸው፤ ጆሯቸው አይሰማም።

«አባትህ እኚህ ናቸው» አለችኝ እማማ ብርቄ። «ቀን ቀን ብቻ ነው ታዲያ! ሲመሽ ቤታቸው ይሄዳሉ። በሥዕሉ ላይ ፀሐይ አለች፤ ስለ ማታው መጽሐፉ ምንም አላለም።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ብዙ ዘመን አልፎ ነበር።

«ይህኛውስ?» አልኩ፣ አብሮኝ ወደገባው ዱቄታም ሰውዬ እያየሁ።

«እኔማ አንተ ነኝ» አለ፣ ቆሎ እየዘገነ።

ስሙ ይስማው ነው። እኔ የሄድኩ ዓመት ልጆቹ ሊቆጥሩ ሲመጡ ቤታችን አምስት ሆነ። ሹሙ የፊት ጥርስ የጎደለው ሰው በከተማዋ ሁሉ ፈለገና በበቅሎ የተረገጠ አንድ ወላጅ አልባ የወፍጮ ሠራተኛ አገኘ። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፣ ቁመቱም በሩን ይሞላል፤ መጽሐፉ ግን ስለ ቁመት አይናገርም። የመጣው ለአንድ የቆጠራ ቀን ነበር። ያን ዕለት ጣሪያው ሲያፈስ አየና በነጋታው ሊጠግን ተመለሰ። ከዚያ እናቴ ታመመች፤ አስታመማት። ከዚያ የሚሄድበትን ምክንያት ያነሳ ሰው አልነበረም። እህቴና ወንድሜ በቅርብ ሠፈር ትዳር ይዘው ይኖራሉ፣ ለቆጠራው ይመጣሉ። እናቴ ጋ የሚያድረው ይስማው ነው።

እናቴ ለእኔ አንድ በርጩማ ጨመረች። ሁሉም በርጩማውን አየው።

በማግስቱ የጎረቤታችን ልጅ ትርንጎ መጽሐፏን በብብቷ ይዛ መጣች። ወንፊት ልትዋስ ነበር የተላከችው። እህቴና ወንድሜ እኔን ለማየት መጥተው ስለነበር ሁላችንም ተቀምጠን ነበር። ልጅቷ እንደ ልማዷ በጣቷ ቆጠረችን። ስድስት ላይ ደርሳ ጣቷ ወደ እኔ ሲዞር ቆመች። ልትጮኽ አፏን ከፈተች፤ ግን የምትጮኸው ቃል አልነበረም። በከተማችን ተርፎ የሚያውቅ ነገር የለማ። መጽሐፏን ገልጣ የመጨረሻውን ገጽ አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ ወንፊቱን ረስታ ሮጠች።

ብዙም ሳይቆይ የጎደለ ሹሙ አቶ ጥሩሰው መጣ። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ጃንጥላውን ለመጽሐፉ ይዞለት ራሱ በስብሷል።

«ልየው» አለኝ በስሜ ጠርቶኝ ቁጭ ብሎ፣ «እንኳን ደህና መጣህ። በአንድ መምጣት ግን ሁለት ገጽ አበላሸህ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«በዚህኛው ገጽ ተረፍክ። በዚያኛው ጎደልክ።»

የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። ልጅ ሳለሁ ያንን ገጽ ቶሎ እያለፍኩት ነበር ማለት ነው፤ ልብ ብዬ አላየሁትም። መንገድ ወደ ጋራው ይወጣል። ጫፉ ላይ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከረጢት ተሸክሞ ይሄዳል። ከሥሩ «አንዱ ሩቅ ሄደ» ይላል።

«ያ ሰው አንተ ነበርክ» አለ ሹሙ። «ከአንተ በፊት አንድ ነጋዴ ነበር። እሱ በተመለሰ ሳምንት ነው አንተ የተላክኸው።»

«እኔ የተላክሁት ፈተናውን አንደኛ ወጥቼ ነው።»

«ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ በትሕትና። «ከባድ አላደረግሁትም።»

እማማ ብርቄ ሳቋ አመለጣት። አቶ ጥሩሰው ግን የሚያጽናና ነገር ፈለገልኝ።

«አንድ ነገር ልመስክርልህ። እንደ አንተ አድርጎ የሄደ ሰው የለም። ሌላው ሁሉ ጫፉ ላይ ሲደርስ አንዴ ዞር ይላል፤ ልጆቹም ያዝናሉ። አንተ አልዞርክም። ሥዕሉን ከፍ አድርገው ይዘው ሲያስተያዩህ 'ልክ ነው!' ብለው አጨበጨቡልህ።»

ያልዞርኩት ስለማለቅስ ነበር። ይህን ለሹሙ አልነገርኩትም።

«መፍትሔው ቀላል ነው» አልኩ። «የተማርኩት ይህንኑ ነው። ከቆሎው ሳህን አጠገብ አንድ ሰው እሥላለሁ፤ 'ስድስት' የሚለውን 'ሰባት' አደርገዋለሁ። ከመንገዱ ላይ ያችን ነጥብ አነሳለሁ። የሚታወቅም አይሆንም።»

አቶ ጥሩሰው መጽሐፉን ከጉልበቴ አንስቶ ደረቱ ላይ አስጠጋው።

«በተማርክበት አገር እንዲህ ይደረጋል?»

«በየዓመቱ።»

«ምን ምን አወጣችሁ?»

«ለምሳሌ ዋነስ።»

«ከመጽሐፉ ነው ከሰማዩ?»

«መጀመሪያ ከሰማዩ፤ ኋላ ከመጽሐፉ።»

«ልጆቹ ምን አሉ?»

«አላወቁም።»

ሹሙ እናቴን እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አየት አደረጋትና እኔን በጣም በዝግታ «አይዞህ» አለኝ። ከዚያ ፍርዱን ተናገረ። እስከ ቆጠራው ቀን ጊዜ አለን። በዚያ ቀን ከቤታችን ስድስት፣ ከመንገዱ ላይ አንድ ሰው መኖር አለበት። የትኛው የት እንደሚሆን መጽሐፉ ስላላዘዘ እሱም አያዝም።

«እኔ ብሞት ቦታ ይለቀቃል» አለች እማማ ብርቄ። «ግን ይህ ልጅ አያት መሆን ይችላል? ጢም አለው።»

ወደ እናቴ ዞርኩ። «እማዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እናት ልጆቿን አትቆጥርም» አለች። «ሌላ ሰው ነው የሚቆጥረው።»

ከዚህ በላይ ምንም አላገኘሁባትም።

እኔ ለመቆየት ወስኜ ነበር። ሌላ የምሄድበት ቦታ አልነበረኝም፤ የሄድኩበትንም አይቼዋለሁ። ግን ይስማውን ከቤቱ አውጥቼ እንዴት እንደምቀመጥ አላውቅም ነበር። እሱ በዚህ መካከል አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። እንዲያውም የራሱን መኝታ ለቆልኝ እሱ በርጩማዬ አጠገብ መሬት ላይ ማደር ጀመረ። ይህ ከስድብ ይልቅ ከበደኝ።

አንድ ማለዳ ውሃ የማፍሰሱ ተራ የቤታችን ሆነና አብሬው ሄድኩ። ከወንዙ ቀዳን። ወንዙ ዳር ያለውን ደንገል ማንም ስለማያጭደው በሰው ቁመት ቆሟል፤ ዳክዬዋ ጫጩቶቿን አስከትላ በመጽሐፉ ላይ ባለችበት ጎን ትዋኛለች። እንስራችንን ተሸክመን ኮረብታው ሥር ደረስን። ኮረብታው ደን ሆኗል። ከአለቱ ሥር ውሃ፣ እጅ የሚያህል ውሃ፣ እየተንቦጫረቀ ይወርዳል።

«ይስማው!» አልኩ። «ፈልቋል እኮ!»

«ፈልቋል።»

«መቼ?»

«ማንም አላየም። ሁላችንም እያፈሰስን ነበር።» እንስራውን አወረደና ውሃውን በቀስታ፣ እንደ ሌላው ጊዜ፣ ከአለቱ ሥር አፈሰሰው።

«ታዲያ አሁን ለምን ታፈሳላችሁ?»

«አሁንማ ተቀላቀለ። የቱ የእኛ፣ የቱ የሱ እንደሆነ በምን ይለያል?»

የእኔንም እንስራ ተቀብሎኝ ሊያፈስ ሲል እምቢ አልኩት። ራሴ አፈሰስኩ። በአባቴ መሳቄ ትዝ አለኝ፤ ውሃው ከውሃው ጋር ሲገናኝ ግን ድምፁ ያው አንድ ነበር። ብዙ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የሚሠሩ ሰዎች ግን በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አላየሁም፤ ይህን ሳልሸሽግ እጽፋለሁ።

አለቱ ላይ ተቀምጠን ይስማው በጥያቄ ያዘኝ።

«ባሕር ሲታይ ወዲያኛው ዳር አይታይም የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ሰው ዳር መኖሩን በምን አምኖ ይሳፈራል?»

«ሌሎቹ አምነው ሲሳፈሩ አብሮ ያምናል።»

«መርከቡ ከወፍጮ ቤታችን ይበልጣል?»

«ከከተማዋ ይበልጣል።»

«ሂድ እንግዲህ!» ብሎ በክርኑ ጎሸመኝ፤ ግን ዓይኑ ጋራው ላይ ነበር። «እኔ ከዚያ ጋራ አልፌ አላውቅም። እህሉ ከየት እንደሚመጣ እንኳ የማውቀው በጆንያው ነው።»

ይህን ሲል መጓጓቱ ይሁን ወይስ መሄጃውን አስቀድሞ ለራሱ ማቅለሉ እስካሁን መለየት አልቻልኩም።

የቆጠራው ቀን ደረሰ። ልጆቹ ታጥበው፣ ተቀብተው፣ መጽሐፋቸውን ይዘው ደጃፋችን ላይ ተሰለፉ። አቶ ጥሩሰው ከኋላቸው ቆሟል። እኛ ቆሎውን ከበን ተቀምጠናል፤ ሰባት። ትርንጎ ከሁሉም ፊት ናት። መምህሩ «ጀምሩ» አለ።

«አንድ!» አሉ ወደ እማማ ብርቄ እየጠቆሙ። «ሁለት!» መለከት ነፊው አልሰሙም፤ ፈገግ አሉ። «ሦስት! አራት! አምስት! ስድስት!» ስድስት ያሉት ይስማውን ነው። እሱም እጁን ቆሎው ውስጥ ከቶ፣ የወለቀ ጥርሱን እያሳየ ሳቀ። ልጆቹ አብረውት ሳቁ። ከዚያ ጣታቸው ወደ እኔ ዞረና ቆመ። ከበርጩማዬ ልነሳ እጄን ጉልበቴ ላይ ጣልኩ።

«ጎደለ!» ብላ ጮኸች ትርንጎ።

«ምን ጎደለ ልጄ?» አላት ሹሙ። «እዚህ የበዛ እንጂ የጎደለ የለም።»

«ከመንገዱ ላይ!» አለች። የመጨረሻውን ገጽ ከፍ አድርጋ ያዘች። «መንገዱ ላይ ማንም የለም!»

ይስማው ከእኔ ቀድሞ ተነሳ። ዱቄቱን ከጉልበቱ አራገፈ፤ ያን ዕለት ዱቄት አልነበረበትም፣ ልማድ ሆኖበት ነው።

«አለ» አላት። «አሁን ይወጣል።»

ጓዳ ገብቶ ከረጢቱን ይዞ ወጣ። ከረጢቱ ታስሮ ተዘጋጅቶ ነበር። ማን እንዳሰረው ያወቅሁት በቋጠሮው ነው፤ እኔ ስሄድ የእኔን ከረጢት ያሰረችውም እንዲሁ አድርጋ ነው፣ ሁለት ጊዜ አዙራ ጫፉን ወደ ውስጥ። እናቴ ግንባሩን ሳመችው። «በመንገድ ላይ እርጥብ እንጨት አታንድድ፤ ጭሱ ለዓይንህ አይሆንም» አለችው።

«ይስማው፣ ተው» አልኩት ደጅ ተከትዬው ወጥቼ። «የሄድኩት እኔ ነኝ። መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ።»

«ለዚህ እኮ ነው» አለ። «አንተ ታውቀዋለህ። እኔ ግን ባሕሩን አላየሁትም።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሳቁ ላይ አትሰስት። በአፍህ ብቻ ከሳቅህ ልጆቹ ይነቁብሃል። መጀመሪያ ቆሎውን በደንብ ዝገን፤ ሳቁ ከእሱ ይመጣል።»

ሄደ። ልጆቹ በሙሉ ደጃፉ ላይ ሥዕሉን ከፍ አድርገው ይዘው አዩት። ጋራው ጫፍ ላይ ደረሰ፤ የጤፍ ቅንጣት አከለ። አልዞረም።

«ልክ ነው!» አለች ትርንጎ፤ አጨበጨቡ። እኔ ብቻ ለምን እንዳልዞረ የማውቅ መሰለኝ።

እነሆ ከዚያ ወዲህ በቦታዬ አለሁ። የፊት ጥርሴ ሙሉ ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሕፃን «ጎደለ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ የጎደለው መጉደሉ ነው። አቶ ጥሩሰው ጥርሴን ለማስነቀል ልቡ አልጨከነም። ለቆጠራው ቀን በከሰል እንዳጠቁረው ተስማማን። ወፍጮ ቤቱ ሰው ስለጎደለበት የይስማውን ሥራ ያዝኩ፤ አሁን እኔም እስከ ሽፋሽፍቴ ነጭ ነኝ። ተራችን ሲደርስ ውሃ አፈሳለሁ። እማማ ብርቄ አያቴ ናት፤ የልጅነቴን ነገር ፈጥራ ትነግረኛለች፣ እኔም አስታውሰዋለሁ። የእርማት ጥበብ የተማርኩበትን ወረቀት እናቴ የዱቄት ዕቃ መክደኛ አድርጋዋለች፤ ልኩ ነው። ሌሊት እተኛለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴና እኔ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠን ባቄላ እንፈለፍላለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እጄ እጇን እየነካ ነው። በሩ ተንኳኳ። እናቴ ባቄላውን ጥላ ከመቀመጫዋ ብድግ አለችና፣ ፊቷ በርቶ፣ «ልጄ መጣ!» አለች።

ትርንጎ ነበረች፤ ወንፊት ልትመልስ ነው። እናቴ ተመልሳ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ እጇን ጭንቅላቴ ላይ አድርጋ ዱቄቱን በጣቷ ጠረገችልኝ። እኔም ምንም እንዳልሰማሁ ሆኜ መፈልፈሌን ቀጠልኩ።

በዚያው ሳምንት ወደ ባሕሩ ለሚወርዱ ነጋዴዎች ቃል ሰጠኋቸው፤ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ስለ መርከብ የሚጠይቅ ሰው ካገኛችሁ እንዲህ በሉልኝ አልኳቸው። «በሩ ሲንኳኳ እማዬ 'ልጄ መጣ' ትላለች፤ እኔ ግን ቤት ውስጥ ነኝ። ና። መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ።» ደግመው ደጋግመው እስኪይዙት አስባልኳቸው።

ነጋዴዎቹ ተመልሰዋል፤ ሌሎችም ሄደው ተመልሰዋል። ያገኘው አለ፣ አላገኘሁትም ያለ አለ። አንዱ ቃሉን እንደነገረው፣ እሱም እስከ መጨረሻው እንደሰማውና እንደሳቀ ማለልኝ። መልስ የያዘልኝ ግን የለም። ትርንጎ አድጋለች፤ መጽሐፉን ለታናሽ እህቷ ትገልጥላታለች። እኔም በአጠገባቸው ሳልፍ የመጨረሻውን ገጽ ጎንበስ ብዬ አያለሁ።